ማስቀደም ወይስ ማስከተል? በግቢ ስዊቾች ላይ ስለሚጫን የትራፊክ ደንብ

በዩኒቨርሲቲ ግቢ የኔትወርክ መጨናነቅ በተነሣ ቁጥር ቀድሞ የሚቀርበው መፍትሔ በስዊቾች ላይ የአገልግሎት ጥራት ደንብ መጫን ነው። ደንቡም አብዛኛውን ጊዜ የቪዲዮ ስብሰባንና የአስተዳደር ሥርዓቶችን ያስቀድማል፤ የተማሪዎችንና የተመራማሪዎችን ትራፊክ ደግሞ በፍጥነት ገደብ ያስራል። እኔ ሥራው መጀመር ያለበት ከሌላኛው ጫፍ፣ ይኸውም መቆየት የሚችለውን በማስከተል ነው እላለሁ።

ስዊች ላይ የሚደረግ የፍጥነት ገደብ ከተወሰነው መጠን ያለፈውን ፓኬት ወረፋ ሳያስይዝ ይጥላል። መስመሩ በሌሊት ባዶ ሆኖ ሳለም ይጥላል። ቲሲፒ የፓኬት መጥፋትን የመጨናነቅ ምልክት አድርጎ ስለሚወስድ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ማቲስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ቀመር መሠረት ፍጥነቱ ከደርሶ መልስ ጊዜውና ከብክነቱ ካሬ ሥር ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል። በአንድ ገደብ ሥር የሚያልፉ ሁለት ተጠቃሚዎች ከ100 ፓኬቶች አንድ አንድ ቢጠፋባቸውና ፓኬቱ የሚይዘው 1460 ባይት ቢሆን፣ በ1 ሚሊሰከንድ ርቀት ካለ ሰርቨር የሚያወርደው በሰከንድ 140 ሜጋቢት ገደማ ሊያገኝ ሲችል፣ በ100 ሚሊሰከንድ ርቀት ካለው የሚያወርደው ከ1.4 ብዙም አያልፍም። እንደ ኪዩቢክ ያሉት አዳዲስ የቲሲፒ ዓይነቶች ልዩነቱን ያጠቡታል እንጂ አያጠፉትም። የባሕር በር በሌላት አገር ተቀምጦ የዘረመል ወይም የሳተላይት ምስል ዳታ ከሩቅ ማኅደር የሚያወርድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ግልጽ ነው።

ማስቀደምም የራሱ ጣጣ አለው። በፓኬቱ ራስጌ ላይ ያለው የዲኤስሲፒ ምልክት 6 ቢት ነው፤ ከ64ቱ ዋጋዎች 46 ለድምፅ የተለመደው ነው። 46ን ግን ማንም ሰው ከራሱ ኮምፒውተር ሊጽፈው ይችላል። በመሆኑም ስዊቹ በየወደቡ ማንን እንደሚያምን መወሰን አለበት፤ ውሳኔውም ስሕተትን ይጋብዛል። እንደ ሲስኮ ካታሊስት 2960 ባሉ ቆየት ያሉ ስዊቾች ላይ የአገልግሎት ጥራትን የሚያነቃው ትእዛዝ ሲሰጥ፣ እንዲታመን ያልተነገረለት ወደብ ሁሉ የሚገባበትን ምልክት ወደ 0 ይመልሳል። ደንቡ ሊጠብቀው የታሰበው የስልክ ጥሪ ራሱ ምልክቱን ያጣል፤ ስዊቹ ግን ስለዚህ ምንም አይናገርም።

ይህን መንገድ ከእኛ በፊት የሞከሩት አሉ። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ኅብረት የሆነው ኢንተርኔት2 እ.ኤ.አ. በ1998 በጀመረው የኪውቦን ፕሮጀክት ለተመረጠ ትራፊክ ዋስትና ያለው አገልግሎት ለመዘርጋት ተነሣ። በ2002 ቤን ታይተልባምና ስታኒስላቭ ሻሉኖቭ አገልግሎቱ ለምን እንዳልተዘረጋ፣ ምናልባትም ለምን እንደማይዘረጋ ጻፉ። ዋስትናው የሚጸናው በመንገዱ ያሉት ሁሉ ሲዘጋጁለትና ሲቆጣጠሩለት ብቻ ነበርና። ከዚያው ፕሮጀክት የወጣው ሌላው ሐሳብ ግን ቀላል ነበር። ዲኤስሲፒ 8 የተጻፈበት ፓኬት ሌላው ሁሉ ካለፈ በኋላ በተረፈው አቅም ይሄዳል። የቃርሚያ ወረፋ ልንለው እንችላለን። በ2019 የወጣው አርኤፍሲ 8622 ለዚህ ዓይነቱ ትራፊክ ዋጋ 1ን መድቦለታል።

የቃርሚያ ወረፋ ትልቁ ጥቅም ፖሊስ አለመፈለጉ ነው። ኋላ ለመሆን ብሎ የሚዋሽ ስለሌለ ምልክቱን ማመን አያሠጋም። አንድ ስዊች ብቻ ቢያውቀውም እዚያው ይሠራል፤ መስመሩ ባዶ ሲሆንም ሙሉውን አቅም ይጠቀማል።

ማን በፈቃዱ ኋላ ይሰለፋል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። መልሱ ከራሱ ከአይሲቲ ክፍሉ ይጀምራል፤ የሰርቨሮች መጠባበቂያ ቅጂና የሶፍትዌር ማደሻ የሚሄዱት በእርሱ ትእዛዝ ነውና። ለተመራማሪው ደግሞ በምትኩ ከፍጥነት ገደቡ ነጻ መሆን ይሰጠዋል። የስልክ ጥሪን በተመለከተ ግን ተቃውሞውን እቀበላለሁ፤ ድምፅ የቅድሚያ ወረፋ ያስፈልገዋል። ሆኖም በጂ.711 የሚሄድ ጥሪ በአይፒ ደረጃ በየአቅጣጫው 80 ኪሎቢት በሰከንድ ስለሆነ፣ 50 ጥሪዎች በአንድ ጊዜ ቢደረጉ የሚወስዱት 4 ሜጋቢት ነው። ጣሪያ ያለው ትንሽ ወረፋ ይበቃል።

የሚከብደው ከውጭ የሚወርደው ትራፊክ ነው። መጨናነቁ የሚፈጠረው በአቅራቢው በኩል ስለሆነ በግቢው ስዊች ላይ የሚሠራ ወረፋ አይደርስበትም። ስለዚህ ገቢውን በድንበር ራውተሩ ላይ ከመስመሩ አቅም በጥቂቱ ዝቅ አድርጎ ማስተላለፍ፣ ወረፋውንም እዚያው መሥራት፣ ለቃርሚያ የተመዘገቡትን ማሽኖች ደግሞ በመድረሻ አድራሻቸው መለየት ያስፈልጋል። ጨርሶ እንዳይራቡም ከአቅሙ አንድ በመቶ ያህል ቢተውላቸው ተገቢ ነው። ራውተሩ በየወረፋው የጣላቸውን ፓኬቶች ይቆጥራል፤ ቁጥሮቹ ደንቡ ከመጫኑ አንድ ወር በፊትና ከተጫነ በኋላ ለየትምህርት ክፍሉ ቢደርሱ፣ ክርክሩን ከእኔ ግምት በተሻለ ማስረጃ ላይ መቀጠል ይቻላል።