ተማሪው ሲቀንስ ከተማው በምን ይኑር?

ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ይሄን መንገድ ያውቀዋል። ከግቢው በር ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት አለ፣ ከጎኑ ፀጉር ቤት፣ ቀጥሎ ጀበና ቡና። ኳስ የሚታይበት ዲኤስቲቪ ቤትም አይጠፋም። ዳር ላይ ደግሞ “ኖን ካፌ” ተማሪዎችን በወር ኮንትራት የምታበላ እናት አለች። መንገዱን የንግድ ማዕከል ይሁን ብሎ ያቀደው የለም። ግን በብዙ ትንንሽ ከተሞች ገንዘብ የሚዘዋወረው እዚያ ነው። ተማሪው ሲቀንስ መጀመሪያ የሚጨልመውም እሱ ነው።

ተማሪው ለምን ቀነሰ? የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የሚያልፈው ቁጥር አሽቆለቆለ። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። የ2015ቱ 3.2 በመቶ፣ የ2016ቱ 5.4 በመቶ፣ የ2017ቱ ደግሞ 8.4 በመቶ። ቀድሞ በዓመት ከመቶ ሺህ በላይ አዲስ ተማሪ ይገባ ነበር። 29,909ኙ ለ40 ምናምን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች እኩል ቢከፋፈሉ ለአንዱ 700 ገደማ ነው የሚደርሰው። ክፍተቱን ያቃለለው ሬሚዲያል የሚባለው የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም ነው። ግን እዚያ የገባ ሁሉ አይቀጥልም፤ በዓመቱ መጨረሻ ፈተናውን ያላለፈ ሻንጣውን ይዞ ይመለሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ችግሩ ኩረጃ መቆሙ አይደለም፣ መቆም ነበረበት። ችግሩ የከተሞቹ ኑሮ በአንድ ቁጥር ላይ መንጠልጠሉ ነው። ያ ቁጥር ሲወርድ የፎቶ ኮፒ ቤቱም፣ የቤት ኪራዩም፣ የባጃጁም ገቢ አብሮት ይወርዳል።

ነገሩ እንዲህ የሆነው ግቢዎቹ ከተሠሩበት መንገድ ጋር ተያይዞ ነው። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በየተራ የተከፈቱት አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኞቹ ሰፊ መሬት ፍለጋ ከከተማ ዳር ወጡ። ተማሪው ማደሪያው፣ መመገቢያው፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ክሊኒኩ ሁሉ ከአጥር ውስጥ ነው። ወደ ከተማው የሚወጣው ለቡና፣ ለፀጉርና ለኮፒ፣ አለዚያም የግቢው ምግብ ሲሰለቸው ነው። ከተማው የሚያገኘው ከቤተሰብ በቴሌብር የሚላክለትን የኪስ ገንዘብ ነው ማለት ይቻላል። ትልቁ ብር በሌላ በር ነው የሚያልፈው።

እስቲ እናስላው። በ2017 ዓ.ም. መንግሥት ለአንድ ተማሪ የሚመድበው የቀን የምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር አድጓል። 10 ሺህ ተማሪ የሚቀልብ አንድ ግቢ ለምግብ ብቻ በቀን 1 ሚሊዮን ብር ያወጣል ማለት ነው። በአስር ወር 300 ሚሊዮን! ይሄ ገንዘብ የማን እንጀራ፣ የማን ምስር፣ የማን ሽንኩርት ይገዛበታል? ጨረታው ለዓመት ሙሉ በጅምላ ከወጣ ብዙ ካፒታልና መኪና ያለው አቅራቢ ነው የሚወስደው። አጥሩ ሥር እንጀራ የሚጋግሩት ሴቶች ማስታወቂያውን ቢያነቡትም አይወዳደሩበትም። የአገሪቱ የግዥ ሥርዓት ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ልዩ አስተያየት ያደርጋል። ቁም ነገሩ ጨረታው እነሱ በሚችሉት መጠን ተከፋፍሎ መውጣቱ ላይ ነው። ዳቦው ለብቻ፣ አትክልቱ ለብቻ፣ እንጀራው ለሦስትና ለአራት ማኅበር።

ደብረ ብርሃንን ተመልከቱ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ያለች፣ ዩኒቨርሲቲዋን በ1999 ያገኘች ከተማ ናት። ግን ዩኒቨርሲቲው ሲመጣ ባዶ እጇን አልጠበቀችውም፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ከ1957 ጀምሮ ነበር። በኋላ የቢራ ፋብሪካዎች መጡ፣ በ2011 የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። የፋብሪካ ሠራተኛ በክረምትም ምሳ ይበላል፣ በክረምትም ቤት ይከራያል። ተማሪ ግን ክረምት ሲገባ አገሩ ይገባል። ፋብሪካም ቢሆን ዋስትና አይደለም። ኢትዮጵያ በ2014 ከአጎዋ ስትወጣ ለአሜሪካ ገበያ የሚሰፉ ፋብሪካዎች ምን ያህል እንደተጎዱ አይተናል። መንገድ ሲዘጋና ጥሬ ዕቃ ሲጠፋም ያው ነው። ቢሆንም በሁለት እግር መቆምና በአንድ እግር መቆም አንድ አይደሉም።

ጎንደር ደግሞ ሌላ ነገር ታስተምራለች። ዩኒቨርሲቲዋ በ1947 የጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር ከሆስፒታል ጋር ነበር። ዛሬም ግቢዎቹ በከተማው ውስጥ ተበታትነው ነው ያሉት። ታካሚ ከሩቅ ይመጣል፣ አስታማሚ አብሮት ያድራል፣ መድኃኒት ይገዛል፣ ምግብ ይበላል። ዩኒቨርሲቲው ለከተማው ተማሪ ብቻ ሳይሆን አገልግሎት ፈላጊም ያመጣለታል።

አሁን የብዙ ከተሞች መልስ ኮሪደር ልማት ሆኗል። በ2016 አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው ሥራ ወደ ክልል ከተሞች ወርዷል። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የመንገድ መብራት፣ የብስክሌት መስመር። ማታ ላይ በብርሃን መሄድ የማይወድ የለም፣ በተለይ ሴት ተማሪ። ግን መብራት ገዢ አይወልድም። መንገዱን ለማስፋት የፈረሰችው ጠባብ ሱቅ በአዲሱ ሕንፃ ሥር በምትችለው ኪራይ ካልተመለሰች፣ መንገዱ ያምርና ኪሱ ባዶ ይሆናል። ፎቶ የሚነሣበት እንጂ የሚገዛበት አይሆንም።

ምን ይደረግ? ሦስት ነገር። አንደኛ፣ ግዥው ይከፋፈል፤ ዩኒቨርሲቲው በዓመት ምን ያህሉን ከአካባቢው እንደገዛ በግልጽ ይለጥፍ። ሁለተኛ፣ ግቢው ወደ መሀል ከተማ ይውጣ። የማታና የቅዳሜ ትምህርቱ፣ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከሉ፣ የኮምፒዩተር ሥልጠናው ለምን አጥር ውስጥ ይሁን? መናኸሪያው አጠገብ ባለ ፎቅ ላይ ቢሰጥ ሕዝቡም ይጠቀማል፣ ከሥሩ ያለው ሻይ ቤትም ይሸጣል። ሦስተኛ፣ በኮሪደሩ ለተነሡ ትንንሽ ነጋዴዎች የመመለሻ ቦታ ከማፍረሱ በፊት በውል ይታሰር።

ለእናንተም አንድ ነገር ልበል። በእንደዚህ ዓይነት ከተማ የምትማሩ ወይም ተመርቃችሁ የቀራችሁ ከሆነ፣ ሌላ ፎቶ ኮፒ ቤት ከመክፈታችሁ በፊት ክረምት ላይ ማን እንደሚገዛችሁ ጠይቁ። የሐምሌ ደንበኛ ያለው ሥራ ዓመቱን ሙሉ ይቆማል። የሐምሌ ደንበኛ የሌለው የፈተና ውጤት በተነገረ ቁጥር ልቡ ይመታል።

ከንቲባውም ሆነ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ይሄንኑ ጥያቄ አብረው ቢጠይቁ ደግ ነው። እስካሁን አንዱ አጥሩን ከውስጥ፣ ሌላው ከውጭ ሲያዩት ኖረዋል። ያቺ ኮንትራት የምታበላ እናት ግን በሩ ላይ ነው ያለችው። ዘንድሮ ስንት ተማሪ እንደገባ ማንም ሳይነግራት ታውቃለች፤ ሊጥ የምታቦካው በዚያ ልክ ነውና።