ጄኪዌሪ ሞባይል ጡረታ ይውጣ፣ ደካማው ስልክ ግን አብሮ አይውጣ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፣ ታገሱኝ።

ሰሞኑን ዌብሳይት መሥራት የጀመሩ ልጆች ኢንቦክስ ላይ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይልኩልኛል፦ «ቲቸር፣ የድሮው የሞባይል ገጽ በጄኪዌሪ ሞባይል ነው የተሠራው፤ እንተወው ወይስ እንቀጥልበት?» መልሴ አጭር ነው፦ ተዉት። ግን ለምን እንደምትተዉት እወቁ።

ለማታውቁት፣ ላይብረሪ ማለት ሌላ ሰው ሠርቶ ያስቀመጠው ኮድ ነው። ቤት ስትሠሩ በሩንና መስኮቱን ራሳችሁ ከመጥረብ ያለቀለትን ገዝታችሁ እንደመግጠም ማለት ነው። ጄኪዌሪ ሞባይልም ቁልፉን፣ ዝርዝሩን፣ ፎርሙን ለጣት እንዲመች አድርጎ ያቀርብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ ሆነ፣ በ2011 ቨርዥን 1.0 ወጣ።

ያን ጊዜ እስቲ አስታውሱት። አይፎን አለ፣ አንድሮይድ እየመጣ ነው፣ ብላክቤሪ አለ፣ የኖኪያው ሲምቢያን አለ፣ እኛ ጋ ደግሞ ኦፔራ ሚኒ የማይከፍት ተማሪ አልነበረም። ሁሉም ገጹን በየራሱ መንገድ ነው የሚያሳየው። ጄኪዌሪ ሞባይል ብራውዘሮቹን ኤ፣ ቢ፣ ሲ ብሎ በደረጃ መደባቸው። ጥሩው ስልክ ሙሉውን መልክ ያያል፣ ደካማው ደግሞ ቢያንስ ተራውን ኤችቲኤምኤል ያነባል። ባዶ እጁን የሚመለስ እንዳይኖር ነበር ሐሳቡ። ውለታው ይሄ ነው።

ታዲያ ለምን ጡረታ?

አንደኛ፣ ጥገና የለውም። የመጨረሻው የተረጋጋ ቨርዥን 1.4.5 የወጣው በ2014 ነው። በኦክቶበር 2021 ባለቤቶቹ ራሳቸው ከአገልግሎት መውጣቱን አስታወቁ። ነገ የደህንነት ቀዳዳ ቢገኝ የሚደፍንላችሁ የለም። (ከዋናው ጄኪዌሪ ጋር ግን አታምታቱት፤ እሱ አሁንም ይጠገናል።)

ሁለተኛ፣ ይሠራው የነበረውን አብዛኛውን ነገር ዛሬ ብራውዘሩ ራሱ ይሠራዋል። ሚዲያ ኩዌሪ፣ ፍሌክስቦክስና ግሪድ የሚባሉት የሲኤስኤስ መሣሪያዎች ገጹን ከስክሪኑ ስፋት ጋር ያስማሙታል።

ሦስተኛ፣ ከባድ ነው። የጃቫስክሪፕት ፋይሉ ተቀንሶም እንኳ ወደ 200 ኪሎባይት ይጠጋል፤ ሲኤስኤሱና ዋናው ጄኪዌሪ ገና አልተቆጠሩም። ለአንድ ቁልፍ ብሎ ይህን ሁሉ በተማሪ የሞባይል ካርድ ማስወረድ ግፍ ነው።

«የሚሠራን ነገር ለምን ትነካካለህ?» የሚሉኝ አሉ። ግማሽ እውነት አላቸው። ስለዚህ በአንድ ሌሊት አትንቀሉት። መጀመሪያ «ዳታ-ሮል» የተጻፈባቸውን ቦታዎች ፈልጋችሁ መዝግቡ፤ ላይብረሪው የያዛቸው ነገሮች አብዛኞቹ እዚያ ናቸው። ከዚያ አንድ ገጽ ለውጡ፣ በስልክ ሞክሩ፣ ወደሚቀጥለው እለፉ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ብዙ ወጣት አሮጌውን ይጥልና አዲስ፣ በጣም ከባድ ፍሬምወርክ ያመጣል። ጃቫስክሪፕቱ ወርዶ እስኪያልቅ ገጹ ነጭ ወረቀት ነው። ኔትወርክ ከተቆራረጠ እዚያው ነጭ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ከሆነማ ምኑን ዘመንን? የ2010ሩ ላይብረሪ ለደካማ ስልክ ያሰበውን ያህል እኛ ካላሰብን፣ ቀኑን እንጂ ሥራውን አላሻሻልንም።

ስለዚህ ልጆች፣ ሠርታችሁ ስትጨርሱ ሦስት ነገር ሞክሩልኝ፦ ጃቫስክሪፕቱን አጥፍታችሁ ክፈቱት፤ ኔትወርኩን ቀስ አድርጋችሁ ክፈቱት፤ ቤት ውስጥ ካለው ያረጀ ስልክ ላይ ክፈቱት። ጽሑፉ ከተነበበ፣ ፎርሙም ከተላከ፣ በርቱ፣ አልፋችኋል።

የላይብረሪ ስም ይመጣል ይሄዳል። ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስን አጥብቆ የያዘ ልጅ ግን አንዱ ጡረታ ሲወጣ አይደናገጥም።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? አሁንም በጄኪዌሪ ሞባይል የሚሠራ ገጽ ያላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ እንወያይበት።