ሕግ አስከባሪም ከሕግ በታች ነው

መንግሥት ፖሊስን የደንብ ልብስ የሚያለብሰው፤ መሣሪያ የሚያስታጥቀውና ሰውን ይዞ የማሰር ሥልጣን የሚሰጠው፤ ደካማው በብርቱው እንዳይጠቃ፤ ድኻውም በሰላም ሠርቶ በሰላም እንዲያድር ብሎ ነው። ይህ ሥልጣን የሕዝብ አደራ ነው እንጂ የባለ ልብሱ የግል ሀብት አይደለም። አደራ የተቀበለም ሰው ሲጠየቅ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት።

በአገራችን ከጥንት ጀምሮ «በሕግ አምላክ» የሚባል ታላቅ ቃል አለ። ሰዎች ሲጣሉ ያየ መንገደኛ ይህን ቃል በጠራ ጊዜ፤ እጁን ያነሣው እጁን ይሰበስባል፤ የሚሸሸውም ይቆማል። ቃሉን የጠራው ሰው ሹመት ወይም መሣሪያ የለውም፤ ኀይሉ ሁሉ ሕግ ከሰው በላይ ነው ከሚለው እምነት የመጣ ነው። ተራው ሰው በዚህ ቃል የሚገታ ከሆነ፤ የሕግን ልብስ የለበሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊገታ ይገባዋል።

ይህ የቀረ እንደ ሆነ የሚመጣውን ጥፋት ለማወቅ፤ በአሜሪካ አገር በሚኒያፖሊስ ከተማ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ግንቦት 17 ቀን 2012 ዓ.ም. ጆርጅ ፍሎይድ የሚባል ሰው ሐሰተኛ የ20 ዶላር ኖት ሰጥቷል ተብሎ በፖሊሶች ተያዘ። እጁ በካቴና ታስሮ በመንገድ ላይ በግምባሩ ከተደፋ በኋላ፤ አንዱ ፖሊስ ከ9 ደቂቃ በላይ አንገቱን በጕልበቱ ተጭኖ ቈየ። ሰውየው መተንፈስ እንዳቃተው እየተናገረ ለመነ፤ በአጠገቡ የቆሙትም መንገደኞች እንዲለቀው ጮኹ። ጩኸታቸው በእኛ አገር ቢሆን «በሕግ አምላክ» የሚያሰኝ ነበር። ነገር ግን የሚሰማ አልተገኘምና ሰውየው ሞተ።

ለሹማምንት ዋና ትምህርት የሚሆነው ግን ከዚያ በኋላ የተደረገው ነው። የከተማው ፖሊስ በመጀመሪያ ያወጣው መግለጫ፤ ሰውየው በተያዘ ጊዜ ታሞ እንደ ሞተ የሚያስመስል ነበር፤ አንገቱን ስለ ተጫነው ጕልበት አንዲት ቃል እንኳ አልነበረበትም። እውነቱን ለዓለም የገለጠችው በዚያ ስታልፍ ያየችውን ሁሉ በስልኳ የቀረጸች የ17 ዓመት ልጃገረድ ናት።

ነገሩ ከተገለጠ ወዲህ ፍርድ ሥራውን ሠራ። የከተማው የፖሊስ አዛዥ ራሳቸው በፍርድ ቤት ቀርበው፤ የበታቻቸው ሥራ ከፖሊስ ደንብ ውጭ መሆኑን መሰከሩ። ጥፋተኛው ሚያዝያ 12 ቀን 2013 ዓ.ም. በነፍስ ግድያ ተፈረደበት፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ወርም የ22 ዓመት ከ6 ወር እስራት ተወሰነበት። አብረውት የነበሩት ሦስት ባልደረቦቹም፤ የሚሞተውን ሰው ሳይረዱ በመቅረታቸው በ2014 ዓ.ም. ጥፋተኞች ተባሉ። ከተማይቱም ለሟቹ ቤተ ሰብ 27 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች። እንግዲህ የአንድ ሰው ጥፋት ዕዳው እስከ ሕዝብ ግምጃ ቤት ደረሰ ማለት ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። አንድ ፖሊስ ቢበድል ጥፋቱ የራሱ ነው፤ አለቃው የሸሸገው እንደ ሆነ ግን ጥፋቱ የመሥሪያ ቤቱ፤ ቀጥሎም የመንግሥት ይሆናል። አይቶ ዝም ያለም ባልደረባ ከፍርድ አያመልጥም።

የአገራችንም ሕግ በዚህ ነገር ዝም አላለም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 ጭካኔን ይከለክላል፤ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ከዳኛ ፊት እንዲቀርብ፤ በግድ የተገኘ ቃልም ማስረጃ እንዳይሆን ያዝዛል። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 424 እስረኛን የሚያሠቃየውን ብቻ ሳይሆን፤ ይህ እንዲደረግ ያዘዘውንም ሹም ይቀጣል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ሕጉን በሥራ ላይ ማዋል ነው። የተመታ ሰው አቤቱታውን የሚያቀርበው ለመታው ሰው ጓደኞች ከሆነ፤ ተከሳሹም ዳኛውም አንድ ወገን ሆነዋልና ፍርድ አይገኝም። ምርመራው ከፖሊስ እጅ ውጭ በሆኑ ሰዎች ሊደረግ፤ ውሳኔውም ለተበደለውና ለሕዝቡ ሊገለጥ ይገባል። በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የሰብአዊ መብት ኮሚሽን የፖሊስ ጣቢያዎችን ጐብኝቶ የሚያወጣው ዘገባም፤ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አቧራ እንዲጠጣ የተጻፈ አይደለም።

አንዳንድ ሹማምንት የፖሊስን ጥፋት መግለጥ የመንግሥትን ክብር ያዋርዳል ይላሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በፊልጵስዩስ ከተማ ሹማምንት ጳውሎስንና ሲላስን ያለ ፍርድ በሕዝብ ፊት አስደብድበው ካሰሯቸው በኋላ፤ በማግሥቱ በስውር ሊለቋቸው ፈለጉ። ጳውሎስ ግን በስውር መውጣትን እንቢ ብሎ፤ ሹማምንቱ ራሳቸው መጥተው እንዲያወጧቸው ጠየቀ፤ እነርሱም መጥተው ማለዷቸው። በግልጥ የተሠራ በደል በግልጥ ሊካስ ይገባል ማለት ይህ ነው።

በብርድና በፀሓይ ቆሞ፤ በጥቂት ደመወዝ ሕይወቱን ለአደጋ አጋልጦ ሕዝብን የሚጠብቅ ታማኝ ፖሊስ ብዙ ነው። የጥፋተኛው መሸሸግ አስቀድሞ የሚጐዳው ይህንኑ ታማኝ ሰው ነው፤ ሕዝቡ ልብሱን አይቶ ሁለቱን ለይቶ ሊያውቅ አይችልምና። በሐሰት የተከሰሰም ቢኖር ንጽሕናው የሚታወቀው በትክክለኛ ምርመራ ነው።

ስለዚህ አለቆች የበታቾቻቸውን ጥፋት ከመሸፈን ይልቅ ወደ ዳኛ ቢያቀርቡ፤ ካህናትም የተበደለውን ዝም በል ብለው ከማስታረቅ አስቀድመው ፍርድ እንዲያገኝ ቢረዱት፤ ሕዝቡ በፖሊስ ላይ ያለው እምነት ይጸናል። ድኻው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሲገባ የሚፈራ ሳይሆን የሚያርፍ በሆነ ጊዜ፤ በዚያን ጊዜ ሕግ በእውነት ተከበረ ይባላል።