«ወረደ» ስንል

ይድረስ ለአንባቢ፦

እንግሊዝኛ የሚማር ልጅ ካለዎት «ጎ ዳውን» የሚባለው ግስ እንዴት እንደሚያማርረው ሳያዩ አይቀሩም። ዋጋ ሲቀንስ «ጎ ዳውን»፣ መርከብ ሲሰምጥ «ጎ ዳውን»፣ ፀሐይ ስትጠልቅም ያው ነው። ባንክ ቤት «ሲስተም የለም» የምንባለውንም ፈረንጅ በዚሁ ግስ ይገላገለዋል። ልጁ «ይህን ሁሉ ማን ይሸመድደዋል?» ቢል አይፍረዱበት። ነገር ግን የራሳችንን «ወረደ» ያሳዩት፤ ለዚህ ደግሞ ከመተማ የተሻለ ቦታ የለም።

ከጎንደር ተነሥቶ በአይከል በኩል ወደ ገንደ ውኃና መተማ ዮሐንስ የሚሄድ ሰው «ቆላ ወረደ» ይባላል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ ደጋ 700 ሜትር ገደማ ወደሆነ ሜዳ ነውና የሚሄደው፣ አባባሉ ልክ ነው። ሰሊጥ ሲታረምና ሲታጨድ የደጋው ወጣት በመኪና እየተጫነ ይወርዳል። መናኸሪያ ሳይደርስ መቆም የፈለገ «ወራጅ አለ!» ብሎ ይወርዳል። ማሳ ውስጥ ላቡ በጀርባው ይወርዳል። ምርቱ ኩንታል ገብቶ ከተማ ሲደርስ ጫኝና አውራጅ ያወርደዋል። በዚያው ሰዓት ነጋዴው ለሸሪኩ ይደውልና «ወረደ ወይ?» ይላል። ጭነቱን ከሆነ እሰየው፤ ዋጋውን ከሆነ ወየው! ሁለቱም ግን አይደናገሩም፤ ስለምን ሲያወሩ እንደነበር ያውቁታልና።

ታሪክም በዚህ ግስ ይነገራል። «ንጉሡ ወረዱ» ብዬ ዝም ብል ዙፋን የለቀቁ ይመስልዎታል። «ንጉሡ መተማ ወረዱ» ስል ግን ዘመቱ ማለቴ ነው። አጼ ዮሐንስ 4ኛ ደርቡሽን ሊወጉ መተማ ወርደው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በጦርነቱ ሲወድቁ ንጉሠ ነገሥት እንደነበሩ ነው። ከተማዋም ስማቸውን ይዛ መተማ ዮሐንስ ትባላለች። አንዲት የቦታ ስም ገብታ ሽረቱን ዘመቻ አደረገችው።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። «ውርደት»ም «ወራዳ»ም ከዚሁ ሥር የበቀሉ ናቸው። ቆላ ሲመደብ እንደ ቅጣት የሚቆጥር፣ «ቆለኛ» የሚለውንም በንቀት የሚጠራ ሰው ዛሬም አይጠፋም። መውረድ ሁሉ መዋረድ ከመሰለን ግሱን አላወቅነውም። የተጣሉ ሲታረቁ «ዕርቅ ወረደ» እንላለን፤ የዐቢይ ጾም የመጀመሪያው ሳምንት ዘወረደ ነው፤ ከሰማይ የወረደውን ጌታ የሚያስብ ነው። መተማ ተወልዶ ያደገው ሰው ደግሞ ከየትም አልወረደም፤ እንዲያውም ጎንደር ሲሄድ «ደጋ ወጣሁ» የሚለው እሱ ነው።

ስለዚህ ልጅዎን የትርጉም ዝርዝር አያስሸምድዱት። ማን ወረደ? ከምን ወረደ? ወዴት ወረደ? ብሎ መጠየቅን ያስለምዱት፤ «ጎ ዳውን»ም በዚሁ መንገድ ይገባዋል። ዘንድሮም ለሰሊጥ የሚወርድ ወገን ካለዎት አጎበሩን መያዙን ይጠይቁት፤ ቆላው ወባና ካላዛር አለበት። ሲሸኙትም «በሰላም ወርደህ በሰላም ውጣ» ብለው ይመርቁት።

አክባሪዎ