ክላውድ ላይ አለ ስንል

ባለፈው ወር እማዬ ደወለችልኝ። «ስልኬ ሞልቷል ሲለኝ ፎቶዎቹን አጠፋኋቸው፤ ክላውድ ላይ አሉ ብለሽኝ የለ?» ክው አልኩ። የልጄ የክርስትና ፎቶዎች ናቸው፤ እኔ ጋ ደግሞ ቅጂ የለም።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ማርኬቲንግ ሠራተኛ አይደለሁ? ቃሉን ነገርኳት እንጂ ትርጉሙን አላስረዳኋትም። ክላውድ በኢንተርኔት የምንጠቀምበት የሌላ ድርጅት ኮምፒውተር ነው። ጎግል ለአንድ አካውንት 15 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣል፤ ኢሜይሉም ፎቶውም የሚካፈሉት ይህንኑ ነው።

እማዬን የሸወዳት ግን «ሲንክ» ነው። ባክአፕ መጠባበቂያ ቅጂ ነው። ሲንክ ደግሞ ሁለቱን ቦታ አንድ ዓይነት ማድረግ ነው፤ ስለዚህ ጎግል ፎቶስ ውስጥ ገብተን ስናጠፋ ከስልኩም ከክላውዱም ይጠፋል። ስልካችሁ ላይ ቦታ ለማስለቀቅ «ፍሪ አፕ ስፔስ» የሚለውን ንኩ። እሱ ስልኩ ላይ ያለውን፣ ያውም ቀድሞ ክላውድ የገባውን ብቻ ነው የሚያነሳው። (በነገራችን ላይ «ሚሞሪ ሞላ» የምንለው ስቶሬጁን ነው። ራም ሌላ ነው፤ ስልኩ ሲዘጋ ባዶ ይሆናል።)

ደግነቱ «ትራሽ» አለ። ባክአፕ የተደረገ ፎቶ እዚያ 60 ቀን ይቆያል፤ ያልተደረገው 30። እማዬ ስልኳን ይዛ መጣች፤ ከፈትነው፤ ሁሉም አሉ። መለስናቸው፤ በዚያው ዕለት ሃርድ ዲስክ ላይ ገለበጥኳቸው።

እሷ ግን አሁንም አላመነችም። አሥራ ሁለቱን አሳጥባ አልበም ውስጥ ከታቸዋለች።