ሳይቃጠል በቅጠል

ልጆች ሆይ፤ አየር ጤና የሚለውን ስም ስትጠሩ ምን ማለት እንደ ሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁን? ስሙ ስለ አየር ጤንነት የሚናገር መልካም ስም ነው። ነገር ግን መልካም ስም የሚጠበቀው በመጠራቱ ሳይሆን በነዋሪዎቹ ሥራ ነው። ከአየር ጤና ወደ ምዕራብ ቀና ብሎ የተመለከተ ሰው የወጨጫን ተራራ ያያል፤ ከከተማው በስተ ሰሜን ደግሞ የእንጦጦ ጋራ አለ። በእነዚህ ተራሮች ጎንና ግርጌ ብዙ ባሕር ዛፍ ቆሟል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ዛፍና ስለ እሳት፥ ደግሞም ያለ አግባብ ስለምንንቃቸው ሰዎች ነው።

ባሕር ዛፍ የአገራችን ተወላጅ አይደለም፤ ከአውስትራልያ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። አዲስ አበባ በዐፄ ምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ ዘመን ከተቈረቈረች በኋላ ሕዝቧ በዛ፤ በዙሪያዋ የነበረው የጥድና የወይራ ዛፍም ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቈረጠ አለቀ። እንጨት እጅግ ስለ ራቀ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማይቱ በስፍራዋ እንድትጸና ከረዱት ነገሮች አንዱ ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። ቢቈርጡት ከጉቶው ያቈጠቍጣል፤ በጭንጫ መሬትም ይበቅላል። ስለዚህ ይህን ዛፍ ክፉ ነው ብሎ መስደብ ውለታን መርሳት ነው።

ሆኖም ውለታ የዋለልንንም ቢሆን ጠባዩን ማወቅ ይገባል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት አለው፤ በእጃችሁ ጨፍልቃችሁ ብታሸቱት ሽታው የዚያ ዘይት ነው። ቅጠሉ ረግፎ ሲወድቅ ቶሎ አይበሰብስም፤ ቅርፊቱም እንደ አሮጌ ጨርቅ እየተላጠ ከግንዱ ላይ ይንጠለጠላል። ክረምት አልፎ በጋ ሲገባ ይህ ሁሉ ይደርቃል። በድንጋያማ ኮረብታ ላይ ደግሞ አፈሩ ስስ ስለ ሆነ ርጥበት አይቈይም። በዚያን ጊዜ አንድ ፍም ቢወድቅ እሳቱ ወደ ላይ ይሮጣል፤ ሙቀቱ ከበላዩ ያለውን ቅጠል አስቀድሞ ያደርቅለታልና። ስለ እሳት የሚያጠኑ ሰዎች ዳገቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቍጥር የእሳቱ ፍጥነት እጥፍ ያህል ይሆናል ይላሉ። የሚነደውም ቅርፊት በነፋስ ተወስዶ ርቆ ይወድቅና ሌላ እሳት ያስነሣል።

ይህ ዛፍ በተገኘበት በአውስትራልያ፥ ቪክቶሪያ በሚባለው ክፍል፥ ጥር 30 ቀን 2001 ዓ.ም. የተነሣው እሳት 173 ሰዎችን ገደለ። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እሳት ተነሥቶ ሣሩንና ቍጥቋጦውን ሲያቃጥል፥ ስፍራው ገደልና ዳገት ስለ ነበረ ለማጥፋት እጅግ አስቸገረ፤ ከውጭ አገርም ረዳቶች እስኪመጡ ድረስ አስፈለገ። ከዚህ የምንማረው፥ እሳት ከተነሣ በኋላ ከሚደከም ይልቅ ሳይነሣ መጠበቅ የሚሻል መሆኑን ነው።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። እሳት ገና ትንሽ ሳለ በለምለም ቅጠል መትተው ያጠፉታል ማለት ነው። በባሕር ዛፍ ኮረብታ ግን የምንፈራው ራሱ ደረቁ ቅጠል ነውና፥ ሳይቃጠል አስቀድሞ ቅጠሉን ማሰብ ይገባል።

ይህን ሥራ ማን ይሠራዋል? በማለዳ ወደ ጋራ ወጥተው ቅጠል የሚጠርጉትን፥ ጭራሮ የሚለቅሙትንና ጐንበስ ብለው ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶችና እኅቶች አይታችኋል። እነርሱ በዚያ ቅጠል እንጀራ ይጋግራሉ፤ ወይም ሸጠው ልጆቻቸውን ያሳድራሉ። ከልጆች መካከል በእነርሱ ላይ የሚስቁ አሉ። ይህ ነውር ነው፤ ማንም ደመወዝ ሳይከፍላቸው የእሳቱን ምግብ ከኮረብታው ላይ የሚያነሡት እነርሱ ናቸውና።

አንዳንድ ሰዎች ግን «ቅጠል ጠራጊዎች አፈሩን ያራቍቱታል፤ ከጫካው ይባረሩ» ይላሉ። የሚሉት ግማሹ እውነት ነው። ቅጠሉ የአፈሩ ልብስ ነው፤ ፈጽሞ ከተጠረገ የክረምት ጐርፍ ስሱን አፈር ያጥበዋል፥ ድንጋዩም ብቻ ይቀራል። ሌሎች ደግሞ የአውስትራልያ ነባር ሕዝብ እንደሚያደርገው፥ አየሩ ሲበርድ ጥቂት በጥቂት በዝቅተኛ እሳት ይቃጠል ይላሉ። ያ ጥበብ ለአገሩ መልካም ነው። በእኛ ዘንድ ግን ቤትና ዛፍ ተቀራርበዋል፤ ቅጠሉም ለድኻ ማገዶ ነው። የድኻን ማገዶ በከንቱ ከማቃጠል መጥረጊያው ይሻላል።

ስለዚህ የእኔ ምክር ይህ ነው። ሴቶቹ አይባረሩ፤ ስፍራ ይለይላቸው። በቤቶች አጠገብ፥ በመንገድ ዳርና በጫካው መካከል በሚከፈቱ ሰፋፊ መስመሮች ላይ ቅጠሉን፥ ጭራሮውንና የተላጠውን ቅርፊት ሁሉ ይውሰዱ፤ በዚያ እሳት የሚበላው አጥቶ ይቆማል። በቀጥ ያለው ዳገት ላይ ግን ቅጠሉ ለአፈሩ ይቅርለት። በወንዝና በምንጭ ዳር ደግሞ እንደ ወይራ፥ ኮሶና ዝግባ ያሉ የአገራችን ዛፎች ይተከሉ።

እናንተም ልጆች ድርሻ አላችሁ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ብዙ ሰው ከፈጀ ወዲህ፥ በአዲስ አበባ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻን ሰብስቦ በማቃጠል አየሩን ማጠን ልማድ ሆኗል። አሳቡ ጤናን መፈለግ ነበረ። ዛሬ ግን የቆሻሻ ጢስ ሳንባን እንደሚጐዳ እናውቃለን፤ ወሩም ቅጠል መድረቅ የሚጀምርበት ነው። መጥረጉን እንያዝ፥ ማቃጠሉን እንተው። በጫካ አጠገብ እሳት አታንድዱ፤ የነደደ ብታዩ ታላላቆችን ሳትዘገዩ ጥሩ። ሸክም የያዘች እናት ስትወርድ ብታገኙም መንገድ ልቀቁላት፥ «እናቴ፥ ላግዝዎት» በሏት። የአየር ጤና አየር ጤና ሆኖ የሚኖረው እንዲህ ባለ ሥራ ነው።