ለአንድ ወንበር የተስተካከለ ዝማሬ

ቡራዩ ውስጥ በተከራያት አንዲት ክፍል ዝማሬ የሚቀርጽና ሚክስ የሚያደርግ ወንድም አለ። የመዘምራኑን አዲስ ዝማሬ የጨረሰ ዕለት ጠራኝና በራሱ ወንበር ላይ አስቀምጦ አሰማኝ። ደስ የሚል ነበር። «መምህር፣ ክፍሉን ሶፍትዌሩ አስተካክሎታል፤ አሁን የምትሰማው እውነተኛውን ድምፅ ነው» አለኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ያው ዝማሬ ሱሉልታ ባለች አንዲት ጸሎት ቤት በትልልቅ ስፒከሮች ተከፈተ። ቤዙ የለም። ከበሮው የጣሳ ድምፅ ይሰጣል። የእህቶች ድምፅ ጆሮ ይወጋል። ምክንያቱ በኋላ ተገኘ፤ ወንድማችን ማስተካከያውን ማስተር ትራኩ ላይ እንደበራ ትቶ ዝማሬውን ኤክስፖርት አድርጎት ኖሯል። የእርሱ ክፍል ቤዝ ስለሚያበዛ ሶፍትዌሩ ቤዙን ይቀንስለት ነበር። ያ ቅነሳ ከዝማሬው ጋር ተቀርጾ ሱሉልታ ድረስ ሄደ።

ያልጠፋች አንዲት ቁልፍ ናት፤ ማንም ይሳሳታል። የምሟገተው ከስህተቱ ጋር ሳይሆን «እውነተኛውን ድምፅ ነው የምትሰማው» ከምትለው እምነት ጋር ነው። ይህች እምነት ዛሬ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ በየኪራይ ቤቱ ስቱዲዮ ባቋቋሙ ወጣቶቻችን ዘንድ ተስፋፍታለች፤ እያሰነፈችንም ነው።

ሶፍትዌሩ የሚሠራውን በቀላሉ እንየው። እንደ ሳውንድ አይዲ ሪፈረንስ ያሉት ፕሮግራሞች ስፒከሩ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ድምፅ እንዲያሰማ ያደርጋሉ። መለኪያ ማይክ በወንበራችሁ ዙሪያ ካሉ ብዙ ነጥቦች ያንን ይቀበላል። የበዛውና ያነሰው ይሰላና ወደ ስፒከሩ የሚሄደው ድምፅ በተቃራኒው ይስተካከላል። ልብ በሉ፤ የተለወጠው ከስፒከሩ የሚወጣው ነው። ክፍሉ እንዳለ አለ። የተስተካከለውም ለዚያች ወንበር ነው፤ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብትሉ ስሌቱ አይሠራም።

ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። 3 በ4 ሜትር በሆነች ክፍል ውስጥ በግድግዳዎቹ መካከል እየተመላለሰ በ43 እና በ57 ኸርዝ አካባቢ ይከማቻል። የቤዝ ጊታር ሁለቱ ወፍራም ክሮች ደግሞ በ41 እና በ55 ኸርዝ አካባቢ ናቸው። ስለዚህ ግድግዳ አጠገብ ስትቀመጡ ቤዙ ያጓራል፤ ክፍሉ መሃል ስትቀመጡ ይጠፋል። የበዛውን ሶፍትዌሩ ሊቀንስላችሁ ይችላል። የጠፋውን ግን ልሙላ ቢል ከግድግዳው የሚመለሰውም ድምፅ አብሮ ስለሚጨምር መልሶ ያጠፋዋል። 10 ዴሲቤል ለመጨመር አምፕሊፋየሩ 10 እጥፍ ኃይል ማውጣት አለበት፤ ስፒከሩ ይጎዳል እንጂ ጉድጓዱ አይሞላም። ከቆርቆሮ ጣሪያና ከባዶ ሲሚንቶ ወለል እየነጠረ የሚመላለሰውን ማስተጋባትም ፕሮግራሙ ከክፍሉ አያወጣውም።

«የኪራይ ቤት ነው፤ አከራዩ ሚስማር እንኳ አያስመታንም፤ ምን እናድርግ?» ትሉኛላችሁ። ብዙ ታደርጋላችሁ! ጠረጴዛውን ወደ አጭሩ ግድግዳ አዙሩት። ስፒከሮቹን ከማዕዘን አውጡ፤ ሁለቱና ጭንቅላታችሁ እኩል ርቀት ያላቸው ሦስት ነጥቦች ይሁኑ። ከክፍሉ መሃል ትንሽ ወደ ፊት ቅረቡ። ማዕዘኖቹ ላይ ወፍራም ፍራሽ አቁሙ፤ በግራና በቀኝ ብርድ ልብስ ወይም ቡልኮ ስቀሉ፤ ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፉ። በየስቱዲዮው ግድግዳ የምናየው የእንቁላል ካርቶን ግን ቀጭኑን ድምፅ ጥቂት ይነካ እንደሆነ እንጂ ቤዙን ምንም አያደርገውም። ከዚያ ዝማሬውን በስልክ ስሙት፣ በታክሲ ውስጥ ስሙት፣ ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ በጸሎት ቤቱ ስፒከር ስሙት። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ሶፍትዌሩ ቢመጣ መልካም ረዳት ነው፤ የቀረውን ያርማል። እኔ የምቃወመው ረዳቱ ጌታ ሲሆን ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ፊት ለፊት እንነጋገር። በየክፍላችን ካሉት ከእነዚህ ፕሮግራሞች ስንቶቹ የተገዙ ናቸው? በዶላር መክፈል እንደሚከብድ አውቃለሁ። ሆኖም ስለ ቅድስና የሚዘምር ዝማሬ በተሰረቀ መሣሪያ ሲሠራ ሊከነክነን ይገባል። ሩም ኢኪው ዊዛርድ የተባለ ክፍልን የሚለካ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። ፍራሹና ብርድ ልብሱም ከቤታችሁ አለ። ሰበብ የለንም።

በደርግ ዘመን ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት የታሰረው ተስፋዬ ጋቢሶ የዘመራቸው ዝማሬዎች በካሴት እየተባዙ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፈው ዛሬም ይዘመራሉ። ይህን ያነሣሁት ለግድየለሽነት ሰበብ እንዲሆን አይደለም። የተሻለ መሣሪያ ካለን የተሻለ ልንሠራ ይገባል። ግን እነዚያ ዝማሬዎች በማንኛውም ቴፕ፣ በማንኛውም ቤት ሲከፈቱ መልእክታቸው ይሰማ ነበር። የእኛስ ከወንበራችን ሲወጣ ይሰማል?

ሐዋርያው ያዕቆብ ፊቱን በመስታወት አይቶ ወዲያው ስለሚረሳ ሰው ጽፎልናል። መለኪያ ማይክም መስታወት ነው፤ የክፍላችንን ጉድለት ያሳየናል። የእኛ ችግር መስታወቱን አይተን ፊታችንን ከመታጠብ ይልቅ መስታወቱን ቀለም መቀባታችን ነው። በመንፈሳዊ ሕይወታችንም ይኸው አለ፤ እሑድ ለምንቀመጥባት ወንበር ብቻ ተስተካክለን ሰኞ ሌላ ሰው የምንሆን አለን። ይህን እንደ አስተማሪያችሁ ለእናንተ ብቻ አልናገርም፤ ለራሴም ነው።

የቡራዩው ወንድም ዝማሬውን እንደገና ሠራው። በዚህ ጊዜ አልጋው ላይ የነበረው ፍራሽ ማዕዘን ላይ ቆሟል፤ እርሱም ለአንድ ሳምንት መሬት ተኝቷል። ሱሉልታ ወስዶ ሲያስከፍተው ከፊት ረድፍ አልተቀመጠም፤ ሄዶ በበሩ አጠገብ ከእናቶች ጋር ቆመ። ወጣቶች ሆይ፣ ዝማሬያችሁን ከዚያ ሆናችሁ ስሙት። የተዘመረው ለእነርሱም ነውና።